ከ«ውሃ» ቀጥሎ ያለው ቁጥር

በውሃ መሥሪያ ቤቱ «ወንፊት» ነበር የሚሏት። የኩሬና የጉድጓድ ጠባቂዎች የሚልኩት መልእክት በእጅ ስልኳ ይገባና ኮምፒውተሯ ላይ ይራገፋል፤ እሷ ደግሞ ከወሬው መሀል ቁጥሩን ብቻ አበጥራ ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ሰሌዳ ታወጣለች። ማንም አላስተማራትም። በራሷ ተፍጨርጭራ የጻፈችው ትእዛዝ አጭር ነው፦ «ውሃ» የሚለውን ቃል ፈልግ፤ ከዚያ ወዲያ መጀመሪያ ያገኘኸውን አሃዝ ለቅመህ አምጣ።

በመሀል ያለውን ሁሉ ዝለል ያለችው በታናሽ ወንድሟ ምክንያት ነው። የላይኛው ኩሬ ጠባቂ ነበር፤ ወሬ ካልጨመረበት መልእክት የላከ አይመስለውም። «ውሃው፣ እትዬ፣ ዳክዬዎቹ እንደ ሹም እየተንጎራደዱበት 8 ሜትር ነው» ይላታል። ትእዛዟ፣ ያቺ እውነተኛዋ ወንፊት፣ ዳክዬዎቹን ታንጓልልና 8ን ታመጣለች።

አንድ ቀን የወንድሟ ጀልባ ኩሬው ላይ ተገልብጦ ተገኘ፤ እሱ ግን አልተገኘም። ዋናተኞች ገቡ፣ ወጡ። ደለሉ ዓይን አያሳይም አሉ። አለቃዋ እግር ላይ ወደቀች።

«ጋሼ፣ ውሃው ይለቀቅልኝና ወንድሜን አውጥቼ ልቅበር።»

«ከተማው ምን ይጠጣ? አንቺ ደግሞ! ውሃ የወሰደውን ራሱ ይመልሰዋል፤ ታገሺ።»

እናቷ ይህን ስትሰማ፣ «እና እስከዚያ ልጄን ይጠጡታል?» አለች። ከዚያ ወዲያ የቧንቧ ውሃ በአፏ አልዞረም። ከጣሪያ ወርዶ በርሜል ውስጥ የተጠራቀመውን ዝናብ እየቀመሰች ከንፈሯ ተሰነጣጠቀ። በርሜሉ እያለቀ ነበር። ሰማዩም ጠል የለው።

እህት እንባ ሲያልቅባት ከሥራ መልስ አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጣ ወደ ወንድሟ ስልክ መልእክት መጻፍ ጀመረች። ማን ያነበዋል ብላ? ብቻ ይቀላት ነበር።

አንድ ጠዋት አለቃው ከበሩ ሳይገባ ጮኸ።

«አንቺ ወንፊት! የላይኛው ኩሬ ትናንት 8፣ ዛሬ 6? በጭልፋ ቀዱት?»

መልእክቱን ከፈተችው። የራሷ ነው። «እማ ዛሬም የቧንቧ ውሃ እንቢ አለች። ሬዲዮህን ግን 6 ሰዓት ሲሆን ትከፍተዋለች።» ወንፊቷ በወንድሟ ቁጥር ሥር የተጻፈውን ሁሉ ታነባለች እንጂ ማን ጻፈው ብላ አትጠይቅም። የጠረጴዛውን ስልክ አንስታ አዲሱ ጠባቂ ዘንድ ደወለች። ሽማግሌ ናቸው፤ መልእክት መጻፍ ስለማይሆንላቸው ልኩን በስልክ ነው የሚነግሯት።

«አባባ፣ ቁጥሩን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። 8 ነው አይደል?»

«ኧረ ልጄ፣ እኔስ ልደውልልሽ ስል ቀደምሽኝ። 6 ነው። በሩ እንደተዘጋ ነው፤ የፈሰሰበትም የለ። ዓሣው ዳር ላይ ሲንፈራገጥ ነው ያገኘሁት።»

ስልኩን ዘጋች። አጋጣሚ ነው አለች ለራሷ። ልቧ ግን አልተቀበላትም። የእጅ ስልኳን ከጠረጴዛው በታች ይዛ፣ ከጎረቤት ሰርቆ እንደሚበላ ሰው እየተሳቀቀች፣ «ውሃው 4» ብላ ጻፈች።

ሻይዋ ሳይበርድ ስልኩ ጮኸ።

«ልጄ፣ ያበድኩት እኔ ነኝ ወይስ ኩሬው? እያየሁት እንደ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ተሳበ። 4!»

ከኮሪደሩ የአለቃው ጫማ ድምፅ ይሰማል። መጥቶ ካየ ትእዛዙን ያስለውጣታል፤ ወንድሟም እዚያው ይቀራል። ከተማውን አሰበች፤ የሰው ሕፃን አሰበች። ከዚያ የእናቷ ከንፈር መጣባት።

«ውሃው 0» ብላ ላከች።

አሃዙ ሰሌዳው ላይ ወጣ። ኮሪደሩ ላይ ብርጭቆ የሚያጥብ ሰው ነበር፤ ቧንቧው ሁለቴ አሳለና አየር ተፋበት። ከዚያ የመሥሪያ ቤቱ ስልኮች በአንድ ጊዜ መጮህ ጀመሩ። እሷ የራሷን ጠረጴዛ ስልክ ብቻ አነሳች።

«አባባ፣ ይታያል?»

የሽማግሌው ጫማ ጭቃ ሲረግጥ ተሰማት።

«ይታያል። ጭቃው መሀል ቁጭ ብሏል፤ ሰው እንደሚጠብቅ ሰው። ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሯል።»

«አይንኩት። የሚያውቀው ሰው ይንካው። መጣሁ።»

አለቃው በሩን ሞልቶ ቆሟል፤ ዓይኑ ከሰሌዳው ላይ አልተነቀለም።

«ምን አደረግሽ? መልሺው!»

«እመልሰዋለሁ፣ ጋሼ። መጀመሪያ እሱን ላውጣ።»

የእጅ ስልኳን አጥፍታ ደረቷ ውስጥ ሸጎጠችው። እሷ ወንድሟን አዝላ ከደለሉ ሳትወጣ ማንም፣ ለሰላምታ እንኳ ቢሆን፣ ውሃውን የምትመልስ አንዲት ቃል እንዳይጽፍበት።