የኦሉም በርሜል ቀዳዳ

በጋምቤላ ከተማ ማስረጃ አሳምሮ ፍርድ ቤት በማቅረብ አቻንን የሚያህል የለም፤ ይህን የምትለው ራሷ አቻን ናት። የጠበቃ ተሰማ ረዳት ናት። አንዴ የተካደ ብስክሌት በኤግዚቢትነት ስታቀርብ ወልውላ፣ ጎማውን አስነፍታ ነበር። «አይቼው አላውቅም» ሲል የከረመው ተከሳሽ ገና ሲያየው «ኧረ ጎማው እንዲህ አልነበረም!» ብሎ አረፈው። ከዚያን ቀን ወዲህ አቻንን የሚመክራት አልተገኘም።

የኦሉም ጉዳይ ግን ከብስክሌት ይከብዳል። ኦሉም በያጅ ነው። ከስምንት ዓመት በፊት ከአሮጌ በርሜል የዓሣ ማጨሻ ሠራ። ስቡ እሳቱ ላይ ሳይንጠባጠብ በጎን ቱቦ ይወርዳል፣ አምባዛው ሳያር ይደርቃል። ወሬው ጎግ ድረስ ደረሰ። አቶ ዳዊ የሚባል ነጋዴ «ለሦስት ቀን አውሰኝ» ብሎ ወሰደው፣ መለሰው፤ ቆይቶ ደግሞ አዲስ አበባ ሄዶ በራሱ ስም የፈጠራ ምስክር ወረቀት አውጥቶ መጣ። አላፈረም፤ ኦሉም ማጨሻ መሥራቱን እንዲያቆም ማስጠንቀቂያ ጻፈለት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ዳዊ ሞኝ ባይሆንም ወረቀቱን ይዟል።

ኦሉም ወረቀቱ እንዲሰረዝለት ከሰሰ። ካልተሰረዘ በገዛ እጁ የፈጠረውን እንዳይሠራ ይከለከላል። ያለው ማስረጃ ያ የመጀመሪያው በርሜል ብቻ ነው።

ተሰማ ለሌላ ጉዳይ ወደ መቲ ሲሄድ «ከነገ ወዲያ ችሎት አለን፤ በርሜሉን አዘጋጂው» ብሏት ሄደ።

እዚህ ላይ ጥፋቱ የተሰማ ነው። ባለሥልጣን ይመጣል በተባለ ቁጥር የመንገድ ዳር ድንጋይ ኖራ በሚቀባበት ከተማ እየኖረ፣ «አዘጋጂው» ማለት ምን እንደሚያስከትል ማወቅ ነበረበት። ድንጋይ እንኳ አምሮ እንግዳ በሚቀበልበት አገር የስምንት ዓመት ጥላሸትና የአምባዛ ስብ ዳኛ ፊት ማቆም ለአቻን ነውር ነው። በርሜሉን በአሸዋ ፈገፈገችው። ጎኑ ላይ ያለችውን ጣት የምታስገባ ቀዳዳ በስቱኮ ደፈነቻት። ከዚያ የብር ቀለም ቀባችው። ውስጡ አልደረሰላትም፤ «ውስጥን የሚያይ እግዚአብሔር ነው» ብላ ተወችው።

በችሎቱ ጠዋት ኦሉም መጥቶ በርሜሉን ሁለት ጊዜ ዞረው።

«አቻን፣ ይሄ የማን ነው?»

«ያንተ ነዋ!»

«የኔ ጥቁር ነው።»

«ታጠበ።»

ኦሉም ሌላ ነገር ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ግን ተጠሩና ገቡ።

ዳኛዋ ወይዘሮ ኤልሳ ቀልድ የማይወዱ ሴት ናቸው። ዳዊም የራሱን ማጨሻ አስመጥቶ አጠገቡ አቁሟል። ተነሥቶ ከምስክር ወረቀቱ አነበበ፤ «የፈጠራው ዋና መለያ በጎኑ ላይ ያለው የአየር ሚዛን መጠበቂያ ቀዳዳ ነው። የተከበረው ፍርድ ቤት ይመልከትልኝ፤ የከሳሽ በርሜል ቀዳዳ የለውም! ቀለሙ እንኳ አልደረቀም!»

ሳይቸግር ጤፍ ብድር! አቻን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች፤ የጋምቤላ መሬት ግን ሰኔ ላይ ጭቃ እንጂ ስንጥቅ የለውም። የኦሉምን ሥራ በገዛ እጇ የደፈነችው መሰላት። ከመቲ በቀጥታ ችሎት የደረሰው ተሰማ ቀስ ብሎ ዞሮ አያት። አላፈጠጠባትም፤ እሱ ነው የባሰው።

«ለመሆኑ ቀዳዳው ምን ይሠራል?» አሉ ዳኛዋ።

ዳዊ ይህን ጥያቄ ሲመኝ የኖረ ይመስል ነበር። ስለ ባሮ ነፋስ ተናገረ፣ ስለ ጭስ ግፊት ተናገረ። «ሁለት ዓመት ተመራምሬ ነው ትክክለኛ ቦታውን ያገኘሁት። ከመሃል አራት ጣት ወደ ግራ! አንድ ጣት ቢዛነፍ ዓሣው ይበላሻል» አለ።

አቻን ሳይፈቀድላት ተነሣች። «ክብርት ዳኛ፣ ቀዳዳ አለ። እኔ ነኝ የደፈንኩት። ለፍርድ ቤት ክብር ብዬ ነው።»

ተሰማ ፊቱን በመዝገቡ ሸፈነ። ዳኛዋ ግን በእጃቸው «አሳዪ» አሏት። በቁልፍ ፋቀችው። በዚያ እርጥበት አልደረቀም ነበርና ስቱኮው ወለቀ። አራት ጣት፣ ወደ ግራ።

«አሁን የበሳችው ነው!» ብሎ ዳዊ ጮኸ።

ዳኛዋ ከወንበራቸው ወርደው የስልካቸውን መብራት አበሩ፤ አንገታቸውንም በርሜሉ ውስጥ ከተቱ። የቀዳዳው የውስጥ ከንፈር የስምንት ዓመት ስብና ጥላሸት ጋግሮበታል። ሲወጡ አፍንጫቸው ጠቁሯል፤ ሊነግራቸው የደፈረ አልነበረም።

«አቶ ኦሉም፣ አንተስ ለምን በሳኸው?»

ኦሉም አንገቱን ደፋ። «ለምንም አይደለም ክብርት። ለቱቦው ልበሳ ስል ድሪሉ አመለጠኝ። ስህተት ነው።»

ዳኛዋ በጥቁር አፍንጫቸው ወደ ዳዊ ማጨሻ ዞሩ፤ እዚያም አራት ጣት፣ ወደ ግራ። ችሎቱ በሳቅ ፈረሰ፤ ቀልድ የማይወዱት ዳኛ ሥርዓት ለማስከበር ጠረጴዛ መቱ፣ እሳቸውም ሳቃቸውን መግታት አልቻሉም።

ወረቀቱ በሦስተኛው ሳምንት ተሰረዘ። አቻን የምሥራቹን ይዛ ወደ ኦሉም ሱቅ ሮጠች። ደስታዋ እንባ ሆኖ አስቸገራት። ኦሉም አዲስ በርሜል አጋድሞ፣ ከመሃል አራት ጣት ወደ ግራ ለክቶ ድሪሉን ደግኗል።

«ስህተት ነው አላልክም እንዴ?» አለችው።

«ነው» አለና በሳው። «ግን የኔ ስህተት ነው።»