መጀመሪያ የሰማችው ሴት

«ልጅቷ ነገሩን የነገረችዎ መቼ ነው?» የተከሳሹ ጠበቃ ሁለተኛ ጊዜ ጠየቀ።

ማይዴይ የምስክር መቆሚያውን እንጨት ያዘች። መልሱን እንደ ስሟ ታውቀዋለች። ዐቃቤ ሕጉ «ነገረችዎት ወይ?» ብሎ «አዎ» ስትለው፣ መቼ እንደሆነ ሳይጠይቅ ነበር የተቀመጠው። ይህኛው ግን የሚለቃት አይመስልም።

«ላስታውስዎ» አለ ጠበቃው። «ኛራዞ ጠዋት እዚሁ ቆማ ሳምንት ሙሉ ለማንም እንዳልተናገረች ነግራናለች። ፈርቼ ነው አለች። ከእናቷ ጋር አንድ ቤት እያደረች፣ በየቀኑ የተከሳሹ ወፍጮ ቤት እየገባች፣ ደንበኛ እያስተናገደች! በሳምንቱ ለእርስዎ ነገረችና ፖሊስ ጋ ተሄደ። እንደዚያ ነው?»

ምስክር ተራው እስኪደርስ ውጭ ስለሚቀመጥ፣ ማይዴይ ጠዋት የተባለውን አልሰማችም ነበር። አሁን ገና ገባት። ልጅቷ ዋሽታለች፤ የዋሸችውም ለእሷ ስትል ነው።

የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ጓቲዞ በሩን ቆልፎ የደፈራት ዕለት፣ ኛራዞ እናቷ ቤት አልገባችም። እንዲህ ያለው ነገር ለእናት አይነገርም፤ የሚነገረው ለቴቴ፣ ለአባት እህት ነው። ልጅቷም አመሻሽ ላይ ዳገቱን ወጥታ የአባቷ እህት ማይዴይ ቤት መጣች። ማይዴይ ሰማቻት፣ አጠበቻት፣ ልብሷን ቀየረችላት። ከዚያ «ለእናትሽም ቢሆን ትንፍሽ እንዳትይ። ነገ እንደ ወትሮሽ ሥራ ግቢ። ከቤተሰቡ ጋር እኔ እጨርሰዋለሁ» አለቻት። የእሷም ቴቴ ብትሆን የምትለው ይህንኑ ነበር።

የጓቲዞ ታላቅ ወንድም ዘንድ ሄዳ የካሳ ከብት ጠየቀች። ዛሬ ነገ እያሉ አመላለሷት፤ በመጨረሻም ሳቁባት። ፖሊስ ጋ የሄደችው ያኔ ነው። እሷ ስትመላለስ ልጅቷ ያን ሰው ዓይን ዓይኑን እያየች ዱቄት ትሰፍር ነበር። ሐኪሙም ጊዜው አልፎ ነበርና ምንም ምልክት አላገኘሁም አለ። የቀረው የኛራዞ ቃል ብቻ ነው።

«በሳምንቱ ነው» ብትል የሁለቱ ቃል ይገጥማል፤ ያ የዝምታ ሳምንት ግን ልጅቷን እንዳትታመን ያደርጋታል። እውነቱን ብትናገር ደግሞ ኛራዞ ውሸታም፣ እሷ ከብት ፈላጊ ይባላሉ። ቀና ስትል ኛራዞን አየቻት። ከእናቷ አጠገብ ተቀምጣ፣ እንዳትናገሪ በሚል ዓይን ራሷን በቀስታ ትነቀንቃለች።

«የነገረችኝ በዚያው ምሽት ነው» አለች ማይዴይ።

አዳራሹ ተንሾካሾከ። «እንግዲያው ጠዋት ዋሽታናለች ማለት ነው?»

«እኔን ልትሸፍን ነው። ዝም በይ ያልኳት እኔ ነኝ። ያጠብኳትም፣ ሥራ ግቢ ብዬ የላክኋትም እኔ ነኝ።»

«ምን ቆርጦዎት?»

«ቴቴዋ ነኛ። ለእሷ የሚበጃት መስሎኝ ነበር።»

«ከተከሳሹ ቤተሰብ ከብት አልጠየቁም?»

«ጠይቄያለሁ።»

«ስንት?»

«አምስት። እሷ ግን አታውቅም።»

«ፖሊስ ጋ የሄዱት ከብቱን ሲከለክሉዎት ነው።»

«አዎ፣ ሲከለክሉኝ ነው።»

«ጨርሻለሁ፣ ክብርት ዳኛ» አለና ጠበቃው ካባውን ሰብስቦ ተቀመጠ። ጓቲዞ ዞር ብሎ ለወንድሙ ፈገግ አለለት። የኛራዞ እናት ሻሿን ወደ ዓይኗ ስባ ከልጇ ፈንጠር ብላ ነበር፤ ልጇ ለሌላ ሴት ነግራ እሷን መደበቋን የሰማችው ገና አሁን፣ ሰው ሁሉ ፊት ነው። ማይዴይ ልጅቷን አድናለሁ ብላ ገደል የጨመረቻት መሰላት። እንባዋ መጣ፤ በመዳፏ ጠረገችው።

ዐቃቤ ሕጉ ወረቀቱን አገላበጠ። «ተጨማሪ ጥያቄ የለኝም።»

«እማማ፣ መውረድ ይችላሉ» አለች ዳኛዋ።

ማይዴይ አልወረደችም። አንድ ፖሊስ ክንዷን ሊይዝ ጠጋ ሲል እንጨቱን አጥብቃ ያዘች።

«እማማ፣ ጨርሰናል እኮ።»

«እናንተ ጨርሳችሁ ይሆናል። መቼ እንደነገረችኝ ጠየቃችሁኝ፤ ስንት ከብት እንደጠየቅሁ ጠየቃችሁኝ። በዚያ ምሽት ደጄ ላይ ስትደርስ እንዴት ሆና እንደነበር ግን አንድም ሰው አልጠየቀኝም።»

ጠበቃው «ተቃውሞ አለኝ» እያለ ተነሣ። ዳኛዋ እስክሪብቶዋን ይዛ አንዴ እሱን አንዴ አሮጊቷን አየች። ማይዴይ ሁለቱም እስኪወስኑላት አልጠበቀችም። ፊቷን ወደ ኛራዞ መለሰች።

«አንድ እግሯ ላይ ብቻ ነበር ጫማ ያለው» ብላ ጀመረች። «ሌላው የት እንደቀረ ስጠይቃት፣ መውደቁንም አላወቀችም።»