ለአከራይ የተላኩ ሽማግሌዎች

ጌቱ ከአከራያቸው ከእማማ ጥሩብርሃን ቤት ሲወጣ ፊቱ ጠቁሮ ነበር። ሚስቱ ዜማ በተከራዩት የሰርቪስ ቤት ደጃፍ ላይ ቆማ ትጠብቀው ነበርና ገና አረማመዱን ስታይ ነገሩ እንዳልሆነ ገባት።

"ምን አሉህ?"

"ውል ውል ነው አሉኝ። የፈረማችሁትን ሁለት ዓመት ጨርሳችሁ ትወጣላችሁ፤ እምቢ ካላችሁ የቀረውን ኪራይ አስቀምጣችሁ ሂዱ አሉኝ።"

"አንተስ ምን ብለህ ጠየቅሃቸው?"

ጌቱ ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። "ውሉን ነዋ! አንቀጽ ስድስት 'አከራይ ካልፈቀደ በቀር' ይላል። እሱን አነበብሁላቸውና ይፍቀዱ አልኋቸው።"

ዜማ ግንባሯን በመዳፏ መታች። ባሏ ደግ ሰው ነው፤ ባጃጁን ሲነዳ ዶሮ እስክታልፍ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ነው። ግን አንዳንዴ ከሰው ጋር መነጋገርና ከትራፊክ ፖሊስ ጋር መነጋገር አንድ ይመስለዋል። አሁን ማን ይሙት፣ እማማ ጥሩብርሃን ፊት ቆሞ አንቀጽ ይነበባል?

ነገሩ ቀላል አልነበረም። ከደብረ ማርቆስ ዳርቻ አለበል የሚባል ሰው የጭቃ ቤቱን እየሸጠ ነው። ቆርቆሮው አርጅቷል፣ ልስኑ ተራግፏል፤ ግቢው ግን ሰፊ ነው፣ ፀሐይም ከጠዋት እስከ ማታ አይለየውም። ዜማ ሽሮና በርበሬ እያዘጋጀች የምትሸጥ ባለ ባልትና ናት። ባለሙያነቷን ከተማው ያውቃል፤ በሐጂ በሽር ሱቅ "የዜማ ሽሮ አልቋል" ከተባለ ሌላ ሳይገዛ የሚመለስ ብዙ ነው። ይህች ሴት ግን በርበሬዋን ለማስጣት አከራይዋ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱበትን ሰዓት ስትጠብቅ ኖራለች። በየተከራየችበት ግቢ በር በጊዜ ዝጊ፣ እንግዳ አታብዢ፣ ሚስማር አትምቺ ስትባል ወጣትነቷ አለፈ። አሁን ከእቁቡም ከብድሩም ተሰባስቦ የቤቱ ዋጋ ሞልቷል። በላዩ ላይ የቀረ ኪራይ ክፈሉ ከተባለ ግን ይጎድላል። አለበልም ባሕር ዳር ልጆቹ ዘንድ ለመሄድ ቸኩሎ፣ እስከ እሁድ ካልሆነ ለሌላ እሸጣለሁ ብሏል።

"ለምን ዝም ብለን ጓዛችንን ጭነን አንሄድም?" አለ ጌቱ። "ስንቱ ተከራይ ይጠፋ የለም?"

"እኔ ቤቴ የምገባ በቀን ነው፤ ተመርቄ!" አለች ዜማ ቆጣ ብላ። "ቃል የእምነት ዕዳ ነው። ሰው ከሰው ጋር የታሰረበትን የሚፈታው ወረቀት ሳይሆን ሽማግሌ ነው።"

ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን አጣፍተው ከእማማ ጥሩብርሃን ደጅ ቆሙ። አንደኛው ሐጂ በሽር ናቸው፤ ሁለተኛው የዕድሩ ዳኛ። ፊት የቆሙት መሪጌታ አካለ ወልድ ዲማ ደብር የተማሩ፣ በሠፈሩ ያላጋቡት ሰው አለ ለማለት የሚያስቸግር አዛውንት ናቸው። ዜማና ጌቱ ከሰርቪሱ መስኮት ሥር ተለጥፈው ያዳምጣሉ።

"ኧረ ግቡ፣ ተቀመጡ እንጂ!" አሉ እማማ ጥሩብርሃን።

"የመጣንበት ሳይሰማ አንቀመጥም" አሉ መሪጌታ፤ ጉሮሯቸውንም ጠረጉ። "እመት ጥሩብርሃን፣ አመጣጣችን ልጅዎን ለልጃችን እንዲሰጡን…"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ! ስንት ዘመን በየደጁ ቆመው ያሉትን ነገር አንደበታቸው ሳያማክራቸው ተናገረው። የዕድሩ ዳኛ መሬት መሬቱን ማየት ጀመሩ።

"መሪጌታ፣ እኔ ልጆቼን ድሬ ጨርሻለሁ። ያጋቧቸውም እርስዎ ነዎት፤ ረሱት እንዴ?" አሉ እማማ።

ጌቱ ሳቁን በክርኑ አፈነ። ዜማ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች ነበር። ይሄኔ ሐጂ በሽር፣ በነጋዴ ዕድሜያቸው ገበያ አበላሽተው የማያውቁት ሰውዬ፣ አንድ እርምጃ ወደ ፊት መጡ።

"አልተሳሳቱም" አሉ ኮራ ብለው። "ከግቢዎ አንዲት ያልተዳረች ልጅ አለችዎት። ዜማን ማለታችን ነው። የመጣነውም ለገዛ ቤቷ ይዳሩልን ብለን ነው።"

ጌቱ እንደገና ሊስቅ ወደ ሚስቱ ዞር ቢል ዜማ አልሳቀችም። እናቷ በልጅነቷ ሞታ ጉንደ ወይን ከተማ አክስቷ ዘንድ ነው ያደገች። አክስቷ በተቆጣች ቁጥር "አንችን ብሎ ሽማግሌ የሚልክ ማን አለ?" ትላት ነበር። እውነትም አልተላከም፤ ከጌቱ ጋር በገበያ ቀን በአንድ የጭነት መኪና ተሳፍረው መጡና ጎጇቸውን ቀለሱ። ስለ እሷ ብሎ ሰው ደጅ ቆሞ ሲለምን ስትሰማ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ወደ መስኮቱ ይበልጥ ተጠጋች።

እማማ ጥሩብርሃን ነጠላቸውን አስተካከሉ። "እንዲያ ከሆነማ ልጅ በአንድ ቀን አይሰጥም። የምትገባበትን ቤት ሳላይ ቃል አልሰጥም። ቅዳሜ ተመለሱ።"

ሽማግሌዎቹ እንደቆሙ ሄዱ።

በማግስቱ እማማ ጥላቸውን ይዘው ከጌቱ ባጃጅ ላይ ወጡ። ዜማ አጠገባቸው ተቀምጣ በሆዷ ትብሰለሰላለች፤ እንከን ፈልገው እምቢ ሊሉኝ ነው ስትል ጠረጠረች። እማማም ዜማ የፈራችውን አደረጉ። ግድግዳውን በጥላቸው እጀታ እያንኳኩ ዞሩት። የክረምት ጎርፍ በየት በኩል እንደሚያልፍ ጠየቁ። ከዚያ አጥር ለአጥር ሄደው ጎረቤቶቹን አነጋገሩ። አለበል ላቡን እየጠረገ ይከተላቸዋል።

"ለመሆኑ ነቅለህ የምትወስደው ነገር አለ?" አሉት በመጨረሻ።

አለበል አንገቱን አከከ። "ያው… የግቢውን የብረት በር ብቻ ነው።"

ይህን ዜማም ጌቱም አያውቁም ነበር። ውል አንባቢው ጌቱ እንኳ ይህን አልጠየቀም።

"ልጄን በር የሌለው ቤት ልታስገባልኝ?" እማማ ጥሩብርሃን ጥላቸውን መሬት ላይ ተከሉ። "አንተም ሴት ልጅ ያለህ ሰው መስለኸኝ!"

አለበል አፈረ። በሩ ይቀራል አለ። ዜማ "ልጄን" ያሉትን ሰምታለች፤ ለክርክር ያህል ያሉት ነው ብላ ግን ልቧን ከለከለችው።

ቅዳሜ ሦስቱ ሽማግሌዎች መጥተው ቆሙ።

"አየሁት" አሉ እማማ ጥሩብርሃን። "ልስን ይፈልጋል። ጎረቤቶቹ ግን ጨዋ ናቸው። እስቲ ልጅቱን ጥሩልኝ፤ እሷ ሳትጠየቅ አልሰጥም።"

ዜማ ወጣች። ስለ ውሉ ልትናገር ያዘጋጀችው ነገር ሁሉ ጠፋባት።

"ወደሽ ነው?" አሏት።

"ወድጄ ነው፣ እማማ። ግን እርስዎ ሳይመርቁኝ አልወጣም። ቤቱ ቢቀር ይቅር።"

ጌቱ ደነገጠ። ዜማ ግን ከልቧ ነበር፤ ቀና ብላ አሮጊቷን ዐይን ለዐይን አየቻቸው።

እማማ ጥሩብርሃን ዘለግ አድርገው ተነፈሱ። "ሰጥቻለሁ። ተቀመጡ።"

ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ፤ የመሪጌታ ጉልበትም አመሰገነ። ጌቱ ግን ሰው አይደለም? አላስቻለውም። "የቀረው ኪራይስ እማማ?"

"ከልጁ ኪራይ የሚቀበል ማን አየህ?" ብለው ገሠጹት። እስካለፈው ወር ድረስ ያለ ማዛነፍ ሲቀበሉ እንደኖሩ ሊያስታውሳቸው የደፈረ አልነበረም።

መሪጌታ ለምርቃት ተነሡ፤ ሁሉም እጁን ዘረጋ። "ዜማ፣ የማን ልጅ ልበል?"

ዜማ የአባቷን መልክ አታውቀውም። በየመሥሪያ ቤቱ ስትጠየቅ የአክስቷን ባል ስም ዝቅ ባለ ድምፅ ነበር የምትናገር። አሁንም አፏን ልትከፍት ስትል እማማ ጥሩብርሃን ቀደሟት።

"ይህ ምን ይጠየቃል? የጥሩብርሃን ልጅ ይበሉ!"

"ዜማ ወለተ ጥሩብርሃን፣ ገብተሽ ክበሪ፤ ወልደሽ ሳሚ፤ ደጅሽ ሰው አይጣ" አሉ መሪጌታ። ሐጂ በሽር "አሚን" አሉ። የዕድሩ ዳኛ "አሜን" አሉ።

ዜማ አላቀረቀረችም። መንገድ ላይ የሚያልፈው ሰው ዘወር ብሎ እስኪያይ ድረስ ጮክ ብላ "አሜን!" አለች።