የጎደለበት ቦታ

«ቦታሽ የት ነው?» አለች አሰልጣኟ መዳም ኢክራም፣ ፊሽካዋን በጣቷ እያሽከረከረች።

«ሐምሩኒያ» አለች ራዊያ።

አዳራሹ በሳቅ አውካካ። የስፋክስ ከተማ ልጆች መሳቅ ሲያውቁበት! ለእጅ ኳስ ሙከራ ከሠላሳ በላይ መጥተዋል፤ አንዷ ቀኝ ክንፍ፣ ሌላዋ ግራ ክንፍ፣ እያንዳንዷ የራሷ ቦታ አላት። ሐምሩኒያ ግን ትንሽ መንደር ናት። ቡድኗ ከራዊያ ጋር ሰባት ሴት ልጆች ነው፤ ተቀያሪ የሚባል አያውቅም።

«የምትጫወቺበትን ማለቴ ነው።»

«የጎደለበት ነዋ።»

አባቷ ሐቢብ መቀመጫው ላይ ሆኖ አንገቱን ደፋ።

በሙከራው ጨዋታ መሀል የራዊያ ቡድን በረኛ ጣቷን ተመታችና ወጣች። «ማን ይተካት?» ቢባል ልጆቹ ተያዩ።

«እኔ ክንፍ ነኝ።»

«እኔም በር ላይ ቆሜ አላውቅ።»

ራዊያ ማንንም ሳትጠይቅ ገብታ ቆመች። አንዷን ኳስ በእጇ፣ አንዷን በጉልበቷ፣ አንዷን እንዲያውም በአፍንጫዋ መለሰች። ያ ሁሉ ሳቅ የት እንደገባ እንጃ።

«ተቀብዬሻለሁ» አለች መዳም ኢክራም ጨዋታው ሲያበቃ። «ዘንድሮ ግን ተቀያሪ ነሽ። ትልልቆቹ አሉ።»

«አልሐምዱሊላህ! እዚሁ ስፋክስ አክስቷ ጋ ታድራለች» አለ ሐቢብ።

«ስድስቱስ አባዬ? ያለ እኔ እኮ ቡድኑ ይፈርሳል።»

«ስድስቱ ለራሳቸው ይወቁ። እድል ሁለቴ አትመጣም፣ የኔ ልጅ።»

ራዊያ ዙሪያውን አየች። ምን ይደበቃል፣ አዳራሹን ወዳዋለች። ወለሉ ላይ አንድ ጠጠር የለም። አጠገቧ ግን ሺራዝ የምትባል ቀጭን ረጅም ልጅ ተቀምጣለች፤ በዚሁ ቡድን ሁለት ዓመት ሙሉ ተቀያሪ ሆና ወንበር ያሞቀች። ዛሬም አልገባችም።

«መዳም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ዘንድሮ ከመንደሬ ልጆች ጋ ልጫወት። ለከርሞ ልምጣ።»

«ለከርሞም እንደ ሌላው ትፈተኛለሽ።»

«እሺ፣ እፈተናለሁ።»

ሐቢብ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። «ለእናትሽ ራስሽ ትነግሪያታለሽ። እኔ የለሁበትም።»

ራዊያ ቦርሳዋን አንስታ ወደ ሺራዝ ዞረች። «ቅዳሜ ግጥሚያ አለን። ሜዳችን አቧራ ነው፣ አልዋሽሽም። ግን ከመጣሽ ትጫወቻለሽ።»

ሺራዝ ስልኳን አውጥታ ደወለች። «ማማ» አለች፣ «ሐምሩኒያ ሩቅ ነው እንዴ?»