ቁጥር ሦስት ለቅሶ ደረሰ

የባሏን መርዶ ይዘው ማክሰኞ ማለዳ ወደ የሺመቤት ቤት የመጡት፣ ከመቶ ዓመት በፊት ፎቶ የተነሱ አምስት ሰዎች ናቸው። በሩን ስትከፍት አወቀቻቸው። ባሏ መክብብ በሙዚየሙ የፎቶግራፍ ክፍል ኃላፊ ነበር፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የእነዚህን ሰዎች ምስል ገበታ ላይ ሳይቀር ይዞ ይቀርብ ነበር። ፎቶውን ያነሳው የውጭ አገር ተመራማሪ ከሥሩ «የጥቁር ዘር ናሙና፣ ከቁጥር አንድ እስከ አምስት» ብሎ ጽፎበታል። መክብብ ያንን አንስቶ በስማቸው ሊተካው ፈልጎ ነበር፤ ስማቸውን ግን አላገኘም። ፎቶው የሚታይበት ዐውደ ርእይ ቅዳሜ ይከፈታል። ስም ካልተገኘ አሮጌው ጽሑፍ እንዳለ ይሰቀላል ተብሏል።

«ቢሮው አድሮ ነበር፤ ጠረጴዛው ላይ እንዳቀረቀረ ነው ያረፈው» አለቻት አንዷ። «አልተሠቃየም፣ እትዬ።»

ከቀብር በኋላ አምስቱም ድንኳኑ ውስጥ ተቀመጡ። መልካቸው ግራጫ ነው። ወጣቱ ከጎን ስለተነሳ ግራ ፊት የለውም፤ ሊያነጋግረው የፈለገ በቀኙ ዞሮ ይቀመጣል።

የዕድሩ ጸሐፊ ጋሽ ድንበሩ መዝገባቸውን ይዘው ገቡ። ማን ለቅሶ እንደደረሰ ሳይጽፉ አይውሉም።

«ስም?» አሉት ወጣቱን።

«ቁጥር ሦስት።»

«እዚህ ቁጥር የምሰጥ እኔ ነኝ። እናትህ ስትጠራህ ማን ትልሃለች?»

«ኩሪ። ኩሪ ዳኜ።»

«ይህን የመሰለ ስም ይዘህ ነው የምትደብቀን? አንቺስ?»

«ድንቂቱ ዋቆ።»

የሺመቤት ከፍራሹ ተነሳች። ልቧ እንደ ሠርጓ ቀን ይመታል። መክብብ በሦስት አገር መዛግብት አገላብጧል፤ ራሳቸውን መጠየቅ ግን ትዝ አላለውም። የጋሽ ድንበሩን መዝገብ በትከሻቸው በኩል እያየች፣ አምስቱንም ስም በመዳፏ ላይ ጻፈች።

«የሺዬ፣ ኀዘንተኛ ይስቃል እንዴ?» አለቻት ጎረቤቷ።

«መክብብ ቢኖር ይጨፍር ነበር።»

ቅዳሜ አሮጌው ጽሑፍ ተነስቶ አምስቱ ስሞች ተለጠፉ። ሰዎቹ ወደ ፎቷቸው ተመልሰዋል። ነጠላቸውን ግን እንዳዘቀዘቁ ናቸው፤ መቶ ዓመት ተዘግቶ የኖረው አፋቸውም ተከፍቷል። የሺመቤት ጆሮዋን መስታወቱ ላይ አስጠጋች።

«የወልደ ገብርኤልን ነፍስ ይማር» ይላሉ።

ይህን የመክብብን የክርስትና ስም ከእሷና ከንስሐ አባቱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። አሁን እናንተም አውቃችኋል፤ አብራችኋቸው በሉ።