የሸራ ጫማው ማሰሪያ

«ጉረሺ እንጂ! እሷ ሞተች ብለሽ አብረሻት ልትቀበሪ ነው?»

አክስቷ እትዬ የሺእመቤት ጎመን በእንጀራ ጠቅልለው አፏ ላይ ደቅነዋል። ሸዋረጋ ጎረሰች። ምን ታድርግ? ልቅሶ ቤት አልበላም ማለት ይቻላል እንዴ! ከእህቷ ከሙሉመቤት ቀብር ወዲህ ፍራሹ ላይ እንደተቀመጠች ነው፤ አንዷ ጎረቤት ማካሮኒ፣ አንዷ ዳቦ፣ አንዷ ስኳር የበዛበት ሻይ ይዛ ትገባለች። ሐኪም «ስኳርሽ ከፍ ብሏል፣ ክብደት ቀንሺ፣ በእግርሽ ሂጂ» ያላት ሴት መሆኗን ሁሉም ረስቶታል። የማትረሳው ሙሉመቤት ብቻ ነበረች፤ እሷ ደግሞ የለችም።

ጥግ ላይ የተቀመጡት ሴቶች ያንሾካሽካሉ።

«ዳገት ለዳገት ስትል ነው ልቧ ቀጥ ያለው» አለች አንዷ።

«ምን ጎደላትና ነው የከሳችው? ውፍረቱ ያምርባት ነበር እኮ!»

የሸዋረጋ ደም ፈላ። እታለም ሙሉመቤት የሞተችው እኮ አልጋዋ ላይ ተኝታ ነው! ልቧንም ያመማት ገና ዳገት መውጣት ሳትጀምር ነው።

አይ እታለም! ልጃገረድ ሳለች ከኩታበር ደሴ ድረስ ድንች ተሸክማ በእግሯ ትመጣ ነበር። ደሴ ገብታ ሱቅ ከፍታ ወንበር ከያዘች በኋላ ግን ሰፋች። ጎረቤታቸው ኡሙሰልማ «ማሻአላህ፣ ተመቸሽ!» ስትላት ደስ ይላት ነበር። ልቧ ያስቸገራት ጊዜ ነው ሁለት ሸራ ጫማ ገዝታ የመጣችው።

«ተነሽ አንቺ! እግር የተሰጠን አጣጥፈን ልንቀመጥበት ነው?»

በረጅም ቀሚስና በነጠላ ላይ ሸራ ጫማ! ሰፈሩ በሳቅ ሞተ። «ኦሎምፒኩ መቼ ነው?» ሲሏት፣ «ወርቁን ስናመጣ ታያላችሁ!» ትል ነበር። በጉም መሀል የጦሳን ተራራ ዳገት ሲወጡ፣ ሲያለከልኩ፣ ሲሳሳቁ... ወይ ያ ጊዜ! የቸገራቸው ጫማ ማሰር ነበር፤ ሆዳቸው አያስጎነብሳቸውም። ስለዚህ አንዷ ደፍ ላይ ትቀመጣለች፣ ሌላዋ ተንበርክካ ታስርላታለች፤ ከዚያ ይለዋወጣሉ። ሙሉመቤት የራሷን ጫማ ጎንበስ ብላ ያሰረች ቀን ብቻዋን እልል አለች። የሸዋረጋን ግን እስከ መጨረሻው ያሰረችላት እሷው ነበረች።

የሰልስት ዕለት ሲነጋጋ ሸዋረጋ ተነሥታ ጫማዋን ከአልጋው ሥር አወጣች።

«ወዴት ነው?» አሉ እትዬ የሺእመቤት።

«ወደ ጦሳ። ቶሎ እመለሳለሁ።»

«በሰልስቷ? ኧረ ሰው ምን ይላል! እሷን የገደላት ዳገቱ አይደል?»

«አልገደላትም እትዬ፤ እስከ ዛሬ ያቆያት እሱ ነው። እዚህ ተቀምጬ ብበላ እኔም እከተላታለሁ፤ ይኸው እግሬ አብጧል። ደግሞ... ናፍቃኛለች።»

ደፉ ላይ ተቀምጣ እግሯን ጫማው ውስጥ ከተተች። ጎንበስ አለች። አልደረሰችም። ደግማ ሞከረች፤ ጣቷ ማሰሪያውን ነካ አድርጎ ተመለሰ። ቀብር ላይ እምቢ ያላት እንባ ያኔ ተዘረገፈ።

«እታለም! አሁን ማን ያስርልኛል?»

እትዬ የሺእመቤት ጥቁር ነጠላቸውን ወደ ኋላ ጣል አድርገው፣ የበሩን መቃን ተደግፈው ቀስ ብለው ተንበረከኩ።

«እንዴት አድርጋ ነበር የምታስረው?»

«ጠበቅ አድርጋ።»

አሮጊቷ ጠበቅ አድርገው ቋጠሩትና ሌላውን እግሯን ወደ ጉልበታቸው ሳቡት።