እኩለ ቀን ላይ የሚመሽበት ቆጣሪ

ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሰው ቤት ደረጃ ስር እየተንበረከክኩ የኤሌክትሪክ ቆጣሪ ሳነብ የኖርኩ ሰው ነኝ። ውሻ ነክሶኛል፣ ዝይ አባሮኛል፣ አንዲት ባልቴት እጄን ይዛ «እዚሁ ቅር» ብላኛለች፤ የሞተ ሰው ግን አጋጥሞኝ አያውቅም። ስለዚህ እህቴ ኤኒድ የካቲት ውስጥ ደውላ «ኖርማን፣ ሃርትሊ እዚሁ ቤት ነው ያለው። ቆጣሪው ራሱ ይመሰክራል» ስትለኝ መጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት ነበር። ባሏን ከቀበርነው ሦስት ወር ሆኖታል። ሳጥኑን ከተሸከሙት አንዱ እኔ ነኝ፤ ትከሻዬን እስከ ዛሬ ያመኛል።

«ቆጣሪ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ምስክር የሆነው?» አልኳት።

«አንተው አይደለህ እንዴ ዕድሜ ልክህን ‹ቆጣሪ አይዋሽም› ስትለን የኖርከው?»

እዚህ ላይ ያዘችኝ።

በማግስቱ ልጇ ብሬንዳ ደወለች። ብሬንዳ ባሕሩ አጠገብ ካለች ከተማ ነው የምትኖረው፤ እናቷን ልትወስዳት ክፍል ቀለም አስቀብታ ትጠብቃለች፤ ኤኒድ ግን «አባትሽን ብቻውን ጥዬ የትም አልሄድም» ብላ አሻፈረኝ ብላለች።

«አጎቴ፣ በአንድ ነገር ብቻ ተስማምታልኛለች» አለችኝ ብሬንዳ። «ማክሰኞ ከኤሌክትሪክ ድርጅቱ ሰው ይመጣል። ከዚያ በፊት አንተ አይተህ ተበላሽቷል ካልካት ከእኔ ጋር ትመጣለች። ደህና ነው ካልካት ንቅንቅ አትልም። እባክህ ተበላሽቷል በላት። ከግድግዳ ጋር እያወራች በብርድ ትሞትብኛለች።»

እሺ አልኳት። እውነቱን ለመናገር ውሸት መሆኑ እንኳ አልታየኝም። የሞተ ሰው መብራት አይበላም፤ ቆጣሪው እየበላ ነው ካለ ተበላሽቷል፣ አለቀ።

ሃርትሊ ዳቦ ፋብሪካ ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት የሌሊት ፈረቃ ሠርቷል። ሰው ሊተኛ ሲል ይወጣል፣ ሰው ሲነሳ ዱቄት በዱቄት ሆኖ ይገባል፤ ከዚያ የፊት ለፊቱን መኝታ ቤት መጋረጃ ዘግቶ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይተኛል። በኛ ሰፈር መጋረጃ በቀን የሚዘጋው አንድም ለሞት ነው አንድም ለሌሊት ሠራተኛ። ለሰፈሩ እንግዳ የሆነ ሰው በዚያ ቤት ፊት ሲያልፍ ኮፍያውን ሲያወልቅ ስንት ጊዜ አይቻለሁ፤ ውስጥ ሃርትሊ እያንኮራፋ። ኤኒድ ቀን ቀን በካልሲ ትሄዳለች፣ በሹክሹክታ ታወራለች፣ ማንቆርቆሪያው ሳያፏጭ ሮጣ ታነሳዋለች። በየዓመቱ «አለቃህን ጠይቅና ወደ ቀን ፈረቃ ያዛውሩህ፣ እኛም እንደ ሰው አብረን እንደር» ትለዋለች። እሱም በየዓመቱ «ከገና በኋላ እጠይቃለሁ» ይላታል። ሳይጠይቅ ጡረታ ወጣ። ጡረታ ወጥቶም ሌሊት መተኛት አልሆነለትም፤ ወጥ ቤት ተቀምጦ ሬዲዮ ሲሰማ ያነጋል፣ ቀን ይተኛል። እንዲህ እንደተላለፉ ኅዳር ላይ ሞተ።

ማክሰኞ ከድርጅቱ ሰው ልቅደም ብዬ በአምስት ሰዓት ደረስኩ። ቀና ብዬ ሳይ የላይኛው መጋረጃ እንደ ድሮው ተዘግቷል። ኤኒድ ካፖርቷን እንደለበሰች ከፈተችልኝ፤ ቤቱ በረዶ ነበር።

«ጫማህን አውልቅ» አለችኝ በሹክሹክታ።

«ለምን?»

«ለምን ትላለህ? ተኝቷላ!»

አወለቅኩ። የስድሳ ዘጠኝ ዓመት ሰው ነኝ፤ ታላቅ እህቴን ግን አሸንፌያት አላውቅም።

ወጥ ቤት አስቀምጣ የሥጋና የድንች ፓይ ቆረሰችልኝና ደብተሯን ገለጠች። የሷ ቆጣሪ ባለሁለት ታሪፍ ነው፤ አንዱ ቁጥር የቀኑን፣ ሌላው ርካሹን የሌሊቱን ፍጆታ ይይዛል። ሁልጊዜ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ሁለቱንም ትጽፋለች። ይህን ያስተማርኳት እኔው ነኝ፣ አፌን በቆረጠው።

«የቀኑን እይ» አለች። «ቆሟል ማለት ይቻላል። ምሳዬን የምሠራው በቀን፣ ልብስ የማጥበው ከምሳ በኋላ፣ ገላዬን የምታጠበው ሳይመሽ ነው። እሱ ግን ፈቀቅ አይልም። የሌሊቱን ደግሞ ተመልከት፣ ይጋልባል። እኔ በሦስት ሰዓት አልጋ ውስጥ ነኝ ኖርማን። ሌሊቱን ሙሉ ይሄን ሁሉ የሚጠቀመው ማነው? ጠዋት ስነሳ ቤቱ ብርድ ነው። ማታ፣ ልክ እሱ ለሥራ በሚወጣበት ሰዓት ግን ይሞቃል።»

«ኤኒድ...»

«ቆይ አልጨረስኩም። ይሄን ደብተር ላየ ሰው እዚህ ቤት ቀን የሚኖር የለም። የሞትኩት እኔ ነኝ። ያለው እሱ ነው።»

ፓዩን እንደያዝኩ ቀረሁ። ይህን ስትል አላለቀሰችም፤ ደብተሯን እያየች የዱቄት ልክ እንደምታነብ ሰው ነበር የተናገረችው። ይህ ደግሞ ከለቅሶ ይልቅ አስፈራኝ።

ስድስት ሰዓት ሲሞላ ከደረጃው ስር አንድ ነገር ቋ አለ። ወዲያው ግድግዳው ስር ያሉት ማሞቂያዎች አንድ በአንድ ጠክ፣ ጠክ ማለት ጀመሩ፤ ከዚያ ፎቅ ያለው፣ ከመኝታ ቤቱ፣ ቀስ ብሎ እንደሚተነፍስ።

«ሰማኸው?» አለችኝ ጣሪያውን እያየች። «አሁን ገና ድብን ያለ እንቅልፍ ወሰደው።»

በዚህ ጊዜ ነገሩ ገባኝ። እነዚያ ማሞቂያዎች ሆዳቸው ጡብ ነው፤ ሌሊት በርካሹ ኤሌክትሪክ ጡቡን ያግላሉ፣ ቀን ሙቀቱን ይለቃሉ። መቼ እንዲጀምሩ የሚያዛቸው፣ ቆጣሪውንም ከቀኑ ቁጥር ወደ ሌሊቱ የሚያሻግረው፣ ከቆጣሪው ጎን የተሰቀለ ሰዓት ነው፤ ከእኩለ ሌሊት እስከ ጠዋቱ አንድ ሰዓት። እኩለ ቀን ላይ ምንም ሥራ የላቸውም።

«ሰዓቱ ነው ኤኒድ» አልኳት። «አሥራ ሁለት ሰዓት ተዛብቷል። እኩለ ቀኑን እኩለ ሌሊት መስሎታል። የምታበስዪው፣ የምታጥቢው ሁሉ በሌሊቱ ላይ እየተጻፈ ነው። ሌላ ምንም ነገር የለም። ተበላሽቷል።»

«ተበላሽቷል?»

«ተበላሽቷል።»

ከዚያ ካፖርቷን አንገቷ ድረስ ቆለፈች፣ ሻንጣዋን እዚያው አንስታ የምትወጣ ይመስል። አንጀቴን በላችኝ፤ ግን ብሬንዳን አሰብኩና ጨከንኩ።

«አላየኸውም እኮ» አለችኝ። «እዚህ ተቀምጠህ ፓይ እየበላህ ነው የፈረድከው። ሂድና አይተህ ንገረኝ።»

የእጅ ባትሪ ይዤ ደረጃው ስር ገባሁ። መጥረጊያዎቹና የሃርትሊ የሥራ ጫማ አሁንም እዚያው ናቸው። እንደ ዱሮው ተንበረከክኩና ሰዓቱን አየሁ፤ መርፌው እኩለ ሌሊት ላይ ነው። መብራት ሲጠፋ እንዲህ ያለ ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል፤ ሁለት ሰዓት፣ አራት ሰዓት ተኩል፣ መብራቱ የጠፋበትን ያህል። ይሄ ግን ልክ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው፣ ደቂቃ አላዛነፈም። መብራት ጠፍቶ እንዲህ ልክ አይመጣም። የሰው እጅ ነው።

ከዚያ ማኅተሙን አየሁ። ሽፋኑን የሚያስረው የድርጅቱ ሽቦ ተቆርጧል፣ ሽቦውን የሚያትመው የእርሳስ ብረትም የለም። በቦታው ሲባጎ ታስሯል፤ ሁለት ዙር ተጠምጥሞ ጫፉ ከስር የተወተፈ፣ ሲስቡት አንድ ጊዜ የሚፈታ። የዱቄት ጆንያ አቋጣጠር ነው። በዚህች ምድር ላይ ሁሉን ነገር በዚያ ቋጠሮ የሚያስር አንድ ሰው ነው የማውቀው። የቲማቲም ተክሉንም፣ የገና ስጦታውንም፣ አንድ ጊዜ የተሰበረ ጣቴንም ያሰረው እንደዚያ ነው።

በጥቅምት የመጨረሻው እሑድ፣ የብርዱ ወራት ሲገባ፣ አገሩ ሁሉ ሰዓቱን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይመልሳል። ሃርትሊ ሁልጊዜ ወንበር ተሸክሞ ቤቱን እየዞረ የግድግዳውን፣ የምድጃውን፣ የአልጋው አጠገብ ያለውን ይመልሳል፤ እኔም ሁልጊዜ «የቆጣሪውን እንዳትነካ! እሱ ዓመት እስከ ዓመት አይቀየርም» እያልኩ እጮህበታለሁ። ባለፈው ጥቅምት ሐሳቡ መበታተን ጀምሮ ነበር፤ እኔን በሞተው ወንድሙ ስም ይጠራኛል። ያን እሑድ ስገባ ከደረጃው ስር በእጁና በጉልበቱ እየዳኸ ሲወጣ አገኘሁት። «በቃ፣ ይሄም ተስተካከለ» አለኝና ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። መጥረጊያ ሲፈልግ ነበር ብዬ ተውኩት።

ቢላዬ ኪሴ ውስጥ ነው። ሲባጎውን ቆርጬ ኪሴ ብከት ማንም አያውቅም፤ ብሬንዳም እናቷን ታገኛለች። ቢላውን አወጣሁት። ቋጠሮውን ግን መቁረጥ አልቻልኩም። ጨለማው ውስጥ እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ ሃርትሊ ከሞተ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለቀስኩት ያኔ ነው።

«ነይ ኤኒድ» አልኩ።

አጠገቤ ተንበረከከች። ባትሪውን አበራሁላት። በጣቷ ነካችው፣ አልተደነቀችም።

«እሱ ነው» አለች።

«እሱ ነው። ጥቅምት ላይ፣ ሰዓት ሲቀየር። አእምሮው ስቶ ነበር እኮ እህቴ፣ ሳያውቅ ነው።»

«የምን መሳት? እዚህ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሌሊቱ መቼ ነበር? እኩለ ቀን ላይ! መጋረጃ ተዘግቶ፣ ሁላችን ጸጥ ብለን። ልክ አድርጎ ነው የሞላው።»

ቢላዬን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

በስምንት ሰዓት የድርጅቱ ሠራተኛ መጣች። ሻዚያ ትባላለች፤ ወደ አርባ የምትጠጋ፣ ሰፈሩን ሁሉ የሚያነቃ ድምፅ ያላት ሴት።

«እንደምን ዋሉ እማማ! የታለ ታዲያ ይሄ ያስቸገረዎት ቆጣሪ?»

ኤኒድ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። ሻዚያ እኔን አየችኝ፤ እኔም ወለል ወለሉን አየሁ። ገባችና ትንሽ ቆይታ ራሷን ብቅ አደረገች።

«ይቺን ሲባጎ የቋጠራት ማነው? ማኅተም መቁረጥ እኮ ክልክል ነው። ግን እንዴት ያምራል ቋጠሮው!»

«ባለቤቴ ነው» አለች ኤኒድ። «ፎቅ ተኝቷል። የሌሊት ሠራተኛ ነው።»

«ውይ! ይቅርታ እማማ!» ሻዚያ አፏን ያዘች። «አባቴም የሌሊት ሠራተኛ ነበር፣ አውቀዋለሁ።» ጫማዋን አወለቀችና በሹክሹክታ ቀጠለች፤ «ሲነሱ ሁለተኛ እንዳይነኩት ይንገሯቸው፣ እሺ?»

«እነግረዋለሁ።»

እኔም ሳላውቀው በሹክሹክታ ነበር የማወራው። «ተበላሽቷል ወይ?» አልኳት።

«ኧረ ምንም አልሆነ አባባ። ቆጣሪው ጤነኛ ነው፣ ሰዓቱ ብቻ ነው። አሁን እመልሰዋለሁ።»

ኤኒድ ክንዴን ጨበጠች። ቆጣሪው ጤነኛ ነው፤ ስለዚህ ከቤቷ አትወጣም። ሰዓቱ ሲመለስ ግን ሃርትሊ ምን ይሆናል? ሁለታችንም ያሰብነው ይሄንኑ ነው።

«እንዲሁ ብትተዪውስ?» አለች።

«አልችልም እማማ፣ ከሥራ ያስወጣኛል።»

ኤኒድ ክንዴን ለቀቀች። «እንግዲያው ቀስ ብለሽ» አለች።

ሻዚያ የሰዓቱን ክብ ገጽ ቀስ አድርጋ አዞረችው። ቋ አለ። የማሞቂያዎቹ ጠክ ጠክ ባንድ ጊዜ ቆመና ቤቱ ጭር አለ። ከዚያ ፎቅ፣ ከፊት ለፊቱ መኝታ ቤት፣ የአልጋው ሽቦ ሲጥ አለ፤ ሰው ተገላብጦ ቁጭ ሲል እንደሚለው።

ሦስታችንም ጣሪያውን አየን።

«ቀሰቀስናቸው መሰለኝ» አለች ሻዚያ።

ማሞቂያ ሲጠፋ ብረቱ ይሸመቀቃል፣ ድምፅ ያወጣል፤ ይሄን ጠንቅቄ አውቃለሁ። አውቃለሁ፣ ግን የክንዴ ጠጉር ቆሞ ነበር፤ ፎቅ ወጥቼ ለማየትም ወኔ አልነበረኝም። ሻዚያ አዲስ ማኅተም አድርጋ ሲባጎውን ለኤኒድ ሰጠቻትና በካልሲዋ እስከ በር ሄደች።

ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ሃርትሊን ሁለተኛ የቀበርነው፣ አሁንም የሳጥኑን አንድ ጠርዝ የያዝኩት እኔ የሆንኩ ያህል ተሰማኝ። ጠዋት አንድ ሰዓት አለፍ እንዳለ ስልኩ ጮኸ፤ ኤኒድ ናት። ክፉ ነገር ጠብቄ አነሳሁት።

«ኖርማን!» አለች። በሹክሹክታ አልነበረም፤ ከዚያ ቤት የእሷን ሙሉ ድምፅ በቀን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። «ቤቱ ሞቋል። ስነሳ ወጥ ቤቱ ሞቋል፣ ወንበሩ ሳይቀር ሞቋል።»

«አዎ፣ ሰዓቱ ስለተመለሰ አሁን ጡቡ ሌሊት እየጋለ ጠዋት...»

«ዝም በል አንተ ሰውዬ። ወደ ቀን ፈረቃ አዛውረውታል።»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

«መጋረጃውን ከፈትኩት» አለች። «‹ከገና በኋላ እጠይቃለሁ› ይለኝ አልነበር? ጠየቀልኝ።»